ከሃጂራ ደረት ጀርባ

ሃጂራ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሞተች፤ ፀሐይዋ ሳትጠነክር ገዳይዋ ተገኘች ተባለ። ጉዲቱ በዕድሜዋ እንዲህ በፍጥነት የተገኘ ገዳይ አይታ ስለማታውቅ፣ ወሬውን ከጎረቤቷ ከአልፊያ እንደሰማች ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አለቻት አልፊያ። ከገበያው ማዶ ሮጣ ስለመጣች ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ዙቤዳ ናት ጣውንቷን በመርዝ የገደለቻት ተብሎ ጓዳ ዘግተውባታል። በሩ ላይ የጣሊያን አስካሪ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ማሬሻሎው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል። ሃጂራም እስከዚያ አትቀበርም ተብሏል። ከወሰዳት ደግሞ...»

«አውቃለሁ» አለች ጉዲቱ።

ማን የማያውቅ አለ? ጣሊያን ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። የፖሊሳቸው አለቃ ማሬሻሎው የወሰደው ሰው ሲመለስ ኮልፌ አይቶ አያውቅም።

ጉዲቱ ከወረራው በፊት በአንድ ሚሲዮን ሆስፒታል አሥራ አንድ ዓመት አስታማሚ ነበረች። ሐኪሙ ሕመምተኛ ሲመረምር አጠገቡ ትቆማለች፤ የሞተ ሰው ከፍቶ ሲያይም መብራት ትይዝለታለች፣ ፊቷንም አታዞርም። ሆስፒታሉ ሲዘጋ በጣሊያኖች ክሊኒክ አንሶላ አጣቢ ሆነች። እዚያ ሁሉም ፊቷ እንደልቡ ያወራል፤ ቋንቋ አታውቅማ! ሦስት ዓመት ሙሉ «ሲ፣ ሲኞራ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። ግን ጣሊያንኛውን በሚሲዮኑ ሆስፒታል ለምዳው ስለነበር አንድ ቃል አያመልጣትም ነበር። የሰማችውን ጫካ ካሉት አርበኞች ለማን እንደምትልክ ደግሞ የሚመለከተው ያውቃል። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት በሌላ ነገር ነው። ጠፋ የተባለ፣ አልገባ ያለ፣ የሚያጣላ ነገር ሲመጣ «ጉዲቱን ጥሯት» ይባላል። ዐይኗ አያርፍም፤ አንዳንዴ እሷንም ያሰለቻታል።

የሟቿና የዙቤዳ ባል የሀምዱ ግቢ በር ላይ አብደላን አገኘችው። አብደላ የሃጂራ ወንድም ነው፤ የማሬሻሎውም አስተርጓሚ። ካኪ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ዐይኑ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው።

«ነፍስ ይማር» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነዋ። ዙቤዳ ናት አሉኝ?»

«አጥሚት ውስጥ አድርጋ ሰጠቻት። ጣውንት አይደለች?»

«መርዝ መሆኑን ማን አየ?»

«ዓመት ሙሉ ታማ የከረመች ሴት በሁለት ቀን ትሞታለች? ምን ማየት ያስፈልጋል!» ብሎ በአጠገቧ አልፎ ወጣ። ትንሽ ሄደና ተመለሰ። «ጠርሙስ... የሎሁን ውሃ ጠርሙስ ያየ ሰው የለም?»

«እኔ አሁን መድረሴ ነው።»

ሄደ። አልፊያ የጉዲቱን ክንድ ጎተት አደረገች። «ይሄን ጠርሙስ ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቁ ነው። እህቱ ተዘርራ ጠርሙስ!»

ሀምዱ አጥሩ ሥር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የቆዳ ነጋዴ ነው፤ ከልጅነቱ ሲያርድና ሲገፍ ያደገ ጠንካራ ሰው። ዛሬ ግን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል።

«ሕመሙ መቼ ጀመራት?» ጉዲቱ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አምና በረመዳን። መጀመሪያ የግራ ዐይኗ ሽፋን ወደቀ፣ አልነሳ አላት። ቀጥሎ ቀኙ። ጠዋት ደህና ትነሳለች፤ ትስቃለች፣ ትቀልድብኛለች። ከሰዓት በኋላ ጋቢዋን ማንሳት ያቅታታል። ስታኝክ አገጯ ስለሚደክማት በእጇ ትደግፈዋለች። ሲመሽ በአፍንጫዋ ታወራለች፤ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ታየዋለች። እኔማ...» ድምፁ ተሰበረ። «እኔማ ታስመስላለች ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ጠዋት የዳነ ሰው ከሰዓት እንዴት ይታመማል? ሰፈሩ ጅኒ ነው አለ።»

የጉዲቱ ልብ ድንግጥ አለ። ከወር በፊት ሃጂራን ገበያ ላይ አይታት ነበር፤ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳ በጠበበ ዐይኗ ስታያት። ጉዲቱ ቸኩላ ነበር። ሰላም ብላ አለፈች። ያን ቀን ብትቆም ኖሮ!

«ትንፋሽ አጥሯት ያውቃል? ከዚህ በፊት?»

«አንድ ጊዜ። ሚያዝያ ላይ ከጊቤ ሰርግ ስንመለስ ወባ ያዛት። አብደላ ወደ መንገድ ሥራው ካምፕ ወሰደን፤ ጣሊያኑ ዶክተር ፍሬ መድኃኒት ሰጣት። ያን ሌሊት ልትሞት ነበር። በማግስቱ ዶክተሩ ሲያያት ፍሬዎቹን ከእጄ ነጥቆ መሬት ላይ ወረወራቸው። ጮኸብን።»

«ምን ብሎ?»

«አብደላ "ድካም ነው፣ ትረፍ ነው የሚለው" አለኝ።»

«ትረፍ ለማለት መድኃኒት ይወረውራል?»

ሀምዱ ቀና ብሎ አያት። ይሄን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል። «እኔ በምን ቋንቋ ልወቅ?» አላት።

በር ላይ የቆመው አስካሪ ጉዲቱን ከክሊኒኩ ያውቃታል፤ ቁስሉን የጠቀለለችለት እሷ ናት። ፊቱን አዞረላት፤ ጓዳው ውስጥ ገባች። ዙቤዳ ሕፃን ልጇን እሙን ታቅፋ ጥግ ይዛለች። ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

«እኔ አልገደልኳትም፣ እትዬ ጉዲቱ። ወላሂ አልገደልኳትም። እናቴ ማለት ነበረች እኮ!»

«አጥሚቱን ማን ሠራው?»

«እኔ። የተረፋትን ደግሞ እኔው ጠጣሁት፤ ይኸው አለሁ።»

«ሌላ ምን ወሰደች?»

«ምንም። ውሃዋን ብቻ። የሎሁን።»

ይህ ውሃ በኮልፌ እስላም ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። ሼሁ ሎህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ የቁርዓን አንቀጽ በቀለም ይጽፉና ያጥቡታል፤ እጣቢው በጠርሙስ ተሞልቶ ሕመምተኛ ይጠጣዋል። ጤነኛ ሰው አይቀምሰውም፤ ቃሉ ያለበት ስለሆነ ሰው በሚረግጠው መሬት ላይም አይደፋም።

«ማን አመጣው?»

«አብደላ። ከሼህ በድሩ አስጽፎ ሐሙስ ዕለት አመጣላት። አንድ ሲኒ ሰጠኋት። ብዙም ሳትቆይ ጆሮዬ ጮኸ፣ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ አለች። ዓርብ ምራቋን መዋጥ አቃታት፣ ትንፋሿ ከበደ። እኛ ደግሞ ደስ አለን።»

«ደስ አላችሁ?»

«ጅኒው ሊለቃት ነው ብለን! ሲወጣ ያስጨንቃል ይባላል። አብደላም ጅኒው ተቃጠለ ማለት ነው፣ እጥፍ አድርጉላት አለን። እጥፍ አድርጌ ሰጠኋት።» ዙቤዳ እጆቿን አየቻቸው። «ማታውን ልታየኝ ፈለገች። ዐይኗን መክፈት አቅቷት በጣቴ ከፈትኩላት። ከዚያ...»

ጉዲቱ መጮህ አማራት፤ ዋጠችው። «ጠርሙሱ የት አለ?»

ዙቤዳ ከሻሿ ሥር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «ወታደሮቹ ሲገቡ ደበቅኩት። በእነሱ እጅ ሊነካ ነው? የአላህ ቃል ያለበት!»

ጉዲቱ የጣቷን ጫፍ አርሳ ምላሷን ነካችበት። ፊቷ ተኮማተረ። ይሄን ጣዕም አሥራ አንድ ዓመት በማንኪያ ስታድል ኖራለች።

«ዙቤዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሃጂራና አብደላ ተጣልተው ነበር?»

«ረቡዕ ዕለት። ከቤቱ ጀርባ ስታለቅስ ሰማሁ። ምን ሆንሽ ብላት "ከጁምዓ በኋላ ለሼሁ የምነግረው አለኝ፤ ከዚያ ለአንቺም እነግርሻለሁ፣ ይቅር ትይኝ እንደሆነ" አለችኝ። ምኑን ነው ይቅር የምላት?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድሜን ከማልን ጣሊያኖች ከዚህ ከቆዳው መጋዘን የወሰዱት ባለፈው ሳምንት ነው። እዚያ መደበቁን የምናውቀው እኔና ሃጂራ ብቻ ነበርን።»

«ሃጂራ ለማን ትነግር ነበር? ከሰው ሁሉ የምታምነው ማንን ነበር?»

«ወንድሟን...» አለች ዙቤዳ። ቀስ ብላ ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች።

ሰባት ሰዓት አልፏል። ሼህ በድሩ ግቢው ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ቆመው ጀናዛው ዘገየ፣ ሬሳ አይቆይም እያሉ ይጨነቃሉ። ጉዲቱ ወደ ጎን ወሰደቻቸው።

«ሼህ በድሩ፣ የሚጽፉበት ቀለም ከምን ነው የሚሠራው?»

«ከድስት ጥላሸትና ከሙጫ። ትንሽ ስኳር እጨምርበታለሁ። ምነው?»

«ይቅመሱት እስቲ።»

ቢስሚላህ ብለው ቀመሱ፤ ወዲያው ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄ መራራ ነገር ግን የእኔ አይደለም።» ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «በአላህ ቃል ውስጥ? ማን ነው እንዲህ የደፈረ?»

«መምረሩን ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ሌላም ልለምንዎት። ሬሳዋን አልከፍትም፣ አላራቁትም። አልፊያ አጠገቤ ቆማ፣ በጨርቁ ላይ ደረቷን በጣቴ ልምታው። የዙቤዳ ነፍስ በዚህ ነው የሚተርፈው።»

ሼሁ በአጥሩ በኩል ወደ መንገዱ አዩ። «ለሕያው ነፍስ ከሆነ ግቢ» አሉ።

ጉዲቱ ከሃጂራ ጎን ተንበረከከች። የግራ መሐል ጣቷን ደረቷ ላይ አጋድማ በቀኟ ጣት መታችው፤ በጎን፣ ከዚያ ወደ መሐል። ጎኑ እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል። የደረቱ አጥንት ላይ ስትደርስ፣ ከላይ ከአንገቱ ሥር እስከ መሐሉ፣ ድምፁ የሙሉ ጋን ሆነ፤ ታፈነ። አራት ጊዜ ደገመችው፤ አራቱንም ጊዜ ያው ነው።

«ምንድን ነው?» አለች አልፊያ።

«ያልጠፋ ነገር። መጥፋት የነበረበት።»

ማሬሻሎው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በካሚዮን ደረሰ። ከኋላው አብደላ ወረደ። ዙቤዳን አወጧት። ሕፃኗን ከእጇ ሊቀበሉ ሲሉ የጮኸችው ጩኸት ግቢውን አናወጠው። ሼህ በድሩ መሐል ገቡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ከመወሰዷ በፊት ሽማግሌዎች ፊት ነገሩ ይታይ። ጉዲቱ የምትለው አላት። ንገረው፣ አብደላ።»

አብደላ ተረጎመ። ማሬሻሎው ሰዓቱን አይቶ አሥር ጣት አሳየ፤ አሥር ደቂቃ ሰጠ።

ጉዲቱ መሐል ቆመች። በአማርኛ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ አብደላም ሥር ሥሯ እየሮጠ ይተረጉማል።

«ሀምዱ፣ ጥጃ ስታርድ፣ ደረቱን ስትከፍት ልቡ ላይ የተኛች ነጭ ሥጋ አለች አይደል?»

«አለች» አለ ሀምዱ ግራ ገብቶት።

«በበሬውስ?»

«በበሬማ ከስማ ትጠፋለች፤ ስብ ብቻ ነው የሚገኘው።»

«ሰውም እንዲሁ ነው። በልጅነት ትልቅ ናት፤ ስናድግ ትከስማለች። በሃጂራ ግን አልከሰመችም፤ አብጣ ዕጢ ሆናለች። ዛሬ ደረቷን መትቼ ሰምቼዋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት እንደሷ ዐይኗ የሚወድቅ፣ ጠዋት ደህና ሆና ማታ የምትዝል ሴት ሆስፒታላችን ሞታ፣ ሐኪሙ ሲከፍታት መብራት ይዤ ነበር። ያንኑ ዕጢ በዐይኔ አየሁት፤ ሎሚ ያህላል። ሐኪሙ ያኔ ምን አለኝ? "ማንም በእርግጥ አያውቅም፤ እኔ ግን ይህች ሥጋ የሰውነትን ዘበኞች የምታሠለጥን ይመስለኛል። ዕጢ ሲወጣባት ዘበኞቹ ይስታሉ፤ የገዛ ቤታቸውን ይወጋሉ። ጅማቱ ሥጋውን ተነስ ብሎ ሲጣራ፣ መልእክቱን መንገድ ላይ ይዘጉበታል" አለኝ። ስለዚህ ያረፈ ሥጋ ጠዋት ጥሪውን ይሰማል፤ ሲውል ይደነቁራል። ሃጂራ አላስመሰለችም። ጅኒም የለባትም።»

ሀምዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ዓመትም ዓመታትም። ሃጂራን የገደላት በዚህ ጠርሙስ ውስጥ፣ በሎሁ ውሃ ላይ የተጨመረ መድኃኒት ነው።» ጠርሙሱን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። አብደላ አየው፤ ከንፈሩ ደረቀ፤ እሷ ግን ፋታ አልሰጠችውም። «መድኃኒቱ ለእኔም ለአንተም ደህና ነው፤ ለእሷ ግን የቀረችውን ጥቂት መልእክት ይዘጋባታል፣ ትንፋሿን ያቆማል፤ ሐሙስ አንድ ሲኒ፣ ዓርብ እጥፍ ሆኖ ተሰጣት፤ መድኃኒቱን የጨመረው ይህን አውቆ ነው!»

አብደላ እየተርበተበተ ተረጎመ። ጣሊያንኛው እየተግተለተለ ወጣ፤ በመሐሉ ግን ገበያ ላይ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው የወባ መድኃኒት ስም ጥርት ብሎ ተሰማ። «ኪኒኖ» አለ።

ጉዲቱ እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ኪኒኖ ያለው ማነው?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ መድኃኒት ነው ያልኩት። የወባ መድኃኒት አላልኩም። መራራ እንኳ አላልኩም። ጠርሙሱን የቀመስነው ሼሁና እኔ ብቻ ነን።»

«ሁሉም ሰው... ወባ ይዟት ነበር» አለ አብደላ። «ሚያዝያ ላይ ኪኒኖ ወስዳ ልትሞት...»

«አዎ! ያን ጊዜ ኪኒኖው ሊገድላት እንደነበር ማን ነገረህ? ለባሏ "ትረፍ ነው የሚለው" ብለህ የለም እንዴ? ዶክተሩ ለእሷ ሁለተኛ እንዳይሰጣት ሲጮህ ቃሉ የገባህ አንተ ብቻ ነህ። በመሐል የቆምከው አንተ ብቻ ነበርክ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ሰፈሩ ሁሉ ጅኒ ነው ብሎ ሊቀብራት ተዘጋጅቶ ነበር። መርዝ ብሎ የጮኸው የመጀመሪያው ሰው ማነው? ዝም ቢል ማንም አይጠረጥርም ነበር። ዝም ያላለው ሁለት ሰው ማጥፋት ስለፈለገ ነው። ሃጂራ የምታውቀውን ለዙቤዳ ነግራታለች ብሎ ፈርቷል። ያ የምታውቀው ነገር ምን እንደሆነ እዚህ አልናገርም። መናገርም አያስፈልገኝም።»

በእርግጥም አላስፈለጋትም። ሽማግሌዎቹ አብደላን አዩት፤ ከዚያ ከማል ታስሮ የወጣበትን የመጋዘን በር አዩ። አንዱ አስተግፊሩላህ አለ። ከአብደላ አጠገብ የቆሙት ሁሉ አንድ እርምጃ ሸሹት።

ይህን የመጨረሻውን አብደላ አልተረጎመም። ላብ በላብ ሆኖ ለማሬሻሎው አንድ አጭር ነገር ነገረው፤ ማሬሻሎው ራሱን ነቅንቆ ለአስካሪዎቹ ወደ ዙቤዳ አመለከታቸው። አብደላ ያለው «ሴትየዋ መርዙን መስጠቷን አምናለች» ነበር።

ጉዲቱ ሦስት ዓመት የደበቀችውን ጣሊያንኛ ካወጣችው አትመልሰውም። ዙቤዳን አየቻት፤ ሕፃኗን አየቻት፤ ከዚያ ማሬሻሎው ፊት ሄዳ በጣሊያንኛ ተናገረች።

«ክቡር ማሬሻሎ፣ ሴትየዋ ምንም አላመነችም። ይሄ ሰው ዋሸዎት። ኪኒኖ የሚለውን ቃል እኔ አልተናገርኩም፤ ከራሱ ነው ያወጣው። ሚያዝያ ላይ የካምፑ ዶክተር ምን እንዳለው ዶክተሩን ይጠይቁት። ይሄን ያህል በፊትዎ ከዋሸ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከነገረዎት ስንቱ እውነት ነው?»

ማሬሻሎው ለሃጂራ ሞት ደንታ አልነበረውም፤ ይሄ ከፊቱ ይታያል። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ወጋው። ወደ አብደላ ዞሮ ትኩር ብሎ አየው፤ አንድ ነገር ጠየቀው። አብደላ ሊመልስ ሞከረ፤ ተንተባተበ። ሁለቱ አስካሪዎች ዙቤዳን ለቀው እሱን ያዙት። ወደ ካሚዮኑ ሲጎትቱት በአማርኛ ሼሁን፣ በጣሊያንኛ ጌታውን ይለምን ነበር።

ማሬሻሎው ከመሳፈሩ በፊት ጉዲቱን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ክሊኒኩ ውስጥ የምታጥቢው አንቺ ነሽ» አላት። «እስከ ዛሬ ስትሰሚ ነበር ማለት ነው።»

ካሚዮኑ ሄደ።

«ዛሬውኑ ጥፊ» አሏት ሼህ በድሩ በጆሮዋ። «በቀራንዮ በኩል ሰው አዘጋጅልሻለሁ። ነገ ለአንቺ ነው የሚመጣው።»

ጉዲቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ «ከቀብሩ በኋላ» አለች። ሴቶቹ ለሬሳ ማጠቢያው ውሃ እያሞቁ ነው፤ የዐሥር ሶላት ሳይሰገድ ሃጂራ መቀበር አለባት። ዙቤዳን ጠሯት፤ ዙቤዳ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ጉዲቱ ወደ እሷ ሄደች።

«እትዬ ጉዲቱ» አለች ዙቤዳ። «እውነቱን ንገሪኝ። ያጠጣኋት እኔ ነኝ አይደል? እጥፍ ያደረግኩት?»

ጉዲቱ አይደለሽም ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው የሰማውን አጣምሞ ሰው ገድሏል።

«አዎ። አንቺ ነሽ ያጠጣሻት» አለቻት። «የገደላት እሱ ነው። በአንቺ እጅ፣ በሼሁ ጽሑፍ፣ በእሷ እምነት። ይሄን ዕድሜሽን ሙሉ ታለቅሺዋለሽ፤ እኔም አንቺን ከማልቀስ ላድንሽ አልችልም።»

ለዙቤዳ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣላት እንባ ወጣ። ጉዲቱ ደግፋ ያዘቻት። ከዚያ ዙቤዳ ሕፃኗን ለጉዲቱ ሰጠቻትና እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ሃጂራን ልታጥብ ገባች።